አምስት እንጀራ ለአምስት ሺህ

ትምህርት ቤታችን የቤተ ክርስቲያን ነው። ከአንደኛ እስከ ስምንተኛ ክፍል ያስተምራል፤ እኔ ሰባተኛንና ስምንተኛን ሒሳብ አስተምራለሁ። ግቢው ከሐይቁ ዳር ብዙም አይርቅም። ከሰዓት በኋላ መስኮት ስንዘጋ ሙቀቱ አያስቀምጠንም፣ ስንከፍት የባጃጁ ጩኸት አያስተምረንም። ልጆቹ ዝጉት ክፈቱት እያሉ ሲጨቃጨቁ ክፍለ ጊዜው ግማሽ ይሆናል። ሃያ ዓመት ገደማ እንዲህ ኖሬያለሁ፤ ድምፄ ሻክሯል፣ ጉልበቴ ደረጃ አልወድም ብሏል። አማቴ ወንዛዬ ሄደሽ ፍል ውኃው ውስጥ ተነከሪ ትለኛለች በየዓመቱ። በየዓመቱ እሺ እላታለሁ፤ ክረምት ሲመጣ ደግሞ የክረምት ትምህርት ይመጣል።

በየቀኑ የምናዘጋጀው የትምህርት እቅድ መጨረሻው ላይ አንድ ረድፍ አለው። «ከእምነት ጋር ያለው ተዛምዶ» ይላል። የዕለቱ ትምህርት ምንም ይሁን ምን፣ ልጆቹ ፈጣሪያቸውን በምን በኩል እንደሚያዩበት እዚያ ላይ መጻፍ አለብን። ሐሳቡን አልጠላውም። ወላጅ ልጁን እኛ ዘንድ የሚልከው ለዚያ ነው፤ እኔም ልጆቼን ያስተማርሁት እዚሁ ነው። ግን ለሌሎቹ መምህራን የቀለለውን ያህል ለእኔ አልቀለለኝም። የሳይንስ መምህሩ ዓይንን ሲያስተምር ስለ ዓይን ፈጣሪ ይጽፋል፣ ቅጠልን ሲያስተምር ስለ ቅጠል ፈጣሪ ይጽፋል፣ ከዚያ ሻዩን ይጠጣል። የኅብረተሰብ መምህሯማ ጣና ላይ ካሉት ደሴቶች አንዱን ከጠራች ረድፏ ሞላ ማለት ነው።

ሒሳብ ግን እሺ አይልም። ሦስት ማዕዘንን ከሥላሴ ጋር ላገናኝ ስል የሃይማኖት መምህሩ ሰምተው «ሥላሴ በማስመሪያ አይለኩም» ብለው አስቆሙኝ፤ እውነታቸውን ነው። መቶኛ ሲመጣ አሥራት አለ፤ አሥራትን ግን ልጆቹ ከአራተኛ ክፍል ጀምረው ስለሚያሰሉት ገና አፌን ስከፍት ያዛጋሉ። ለይዘት የኖኅ መርከብ አለች። በክንድ ርዝመቷን፣ በክንድ ወርዷን፣ በክንድ ከፍታዋን እንለካለን። በእኔ ልጆች ስሌት ቢሆን ኖሮ እንስሳቱ ገና በሩ ላይ ሳሉ ውኃ በልቷቸው ነበር።

ስለዚህ ዞሬ ዞሬ አምስቱ እንጀራ ላይ እወድቃለሁ። ማካፈል ሲሆን አምስቱ እንጀራ፣ ክፍልፋይ ሲሆን አምስቱ እንጀራ፣ መቶኛም ሲሆን አምስቱ እንጀራ። ሁለቱን ዓሣ በተለይ በዐቢይ ጾም እተዋቸዋለሁ፤ ባሕር ዳር ላይ ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር ከተነሣ ሒሳቡ ቀርቶ ነገሩ ወላጅ ስብሰባ ድረስ ይሄዳል። እንጀራው ግን ማንንም አይነካም ብዬ ነበር የማስበው። አምስት እንጀራ ለአምስት ሺህ ሰው፤ አካፍሉ። ልጆቹ ያካፍላሉ፣ ዜሮውን ይሰርዛሉ፣ አንድ ሺኛ ብለው ይጽፋሉ። እኔ ደግሞ «አያችሁ፣ ጌታ ግን አበርክቶ አጠገባቸው» እላለሁ፣ ረድፏም ትሞላለች። ይህን ስንት ጊዜ እንዳልሁት እግዚአብሔር ይወቀው። ከልቤ ያልሁባቸው ዓመታት ነበሩ። አሁን አሁን ግን አፌ ብቻውን ይለዋል፣ እኔ የሚቀጥለውን ክፍል አስባለሁ።

ልጅቱ ወደ እኛ የመጣችው ከቁንዝላ በኩል ነው፤ ከሐይቁ ማዶ። አባቷ እዚያ የመጻሕፍት ትርጓሜ መምህር ናቸው፤ ደብተራውም ቄሱም ከሳቸው ሥር ቁጭ ብሎ የሚማር፣ ስማቸው በሐይቁ ዙሪያ የሚታወቅ ሊቅ። በዚያ አካባቢ ያለው ትምህርት ቤት በጸጥታው ምክንያት ተዘግቶ ስለ ቀረ፣ እዚሁ ከተማ ሹም አቦ ሰፈር ከምትኖረው እኅታቸው ዘንድ አስቀምጠው ልጃቸውን ለእኛ ሰጡን። ስምንተኛ ክፍል ገባች። በመጀመሪያው ሳምንት እጇን አውጥታ «የኔታ» ብላ ጠራችኝ። የከተማ ልጆች ሁላችንንም ቲቸር ነው የሚሉን፤ ለሴት መምህር፣ ያውም ለሒሳብ መምህር፣ የኔታ መባሉን ሲሰሙ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እሷ ምን እንዳሳቃቸው አልገባትም። እኔ ተቆጣኋቸው፣ በሆዴ ግን ደስ ብሎኝ ነበር። ከዚያ በኋላ መምህር ትለኛለች፤ ቲቸር የሚለው አፏ ላይ አልገባም።

ጠያቂ ናት። ጠያቂ ስል እንዲያው እጇን እያወጣች የምትንቀለቀል ማለቴ አይደለም፤ ዝም ብላ ትቆይና አንዱን ነገር ይዛ ትነሣለች። ማንኛውም ቁጥር ለዜሮ አይካፈልም ስል «ማን ከለከለው?» አለችኝ። ሳቅሁ፤ ከዚያ ግን ያን ቀን ሙሉ ክፍለ ጊዜውን ለእሷ ጥያቄ ሰጠሁት፤ መጨረሻ ላይ ማንም እንዳልከለከለው፣ ነገሩ ራሱ አልሆን እንዳለ ገባት። ስትቀመጥ ፊቷ ላይ የነበረውን ብርሃን ሳይ፣ አስተማሪ የሆንሁት ለዚህ ነበር እኮ ብዬ አሰብሁ። እኔ ራሴ በተማርሁበት ዘመን ጥያቄ ጠይቄ አላውቅም። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ ልጅ ነኝ፤ ስልሳ ሆነን አንድ ክፍል ውስጥ ታጭቀን ነበር የተማርነው፣ የጠየቀ ሰው ክፍሉን ያስረበሸ ተብሎ ውጭ ይንበረከክ ነበር።

ነገሩ የመጣው በዐቢይ ጾም፣ ሐሙስ ቀን፣ በመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ነው። ለሰኔው ክልላዊ ፈተና ክለሳ ጀምረን ነበር። ልጆቹ ግማሾቹ ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሱም፣ እኔም አልቀመስሁም። አንዱ ጠረጴዛው ላይ ተኝቷል፣ እንዳላየሁ ሆንሁ። ሰሌዳው ላይ አምስቱን እንጀራ ለአምስት ሺህ አካፈልሁ፣ አንድ ሺኛ ብዬ ጻፍሁ። ልጅቱ ተነሣች።

«መምህር፣ ለአንድ ሰው የደረሰው የአንድ እንጀራ አንድ ሺኛ ነው?»

«አዎ።»

«ሴቶቹና ልጆቹ ደግሞ አልተቆጠሩም። እነሱ ሲጨመሩ ከዚያም ያንሳል።»

«ያንሳል።»

«ታዲያ በቃቸው ወይስ አልበቃቸውም?»

የተኛው ልጅ እንኳ ቀና አለ። ከኋላ ማን እንደሆነ አላውቅም፣ ሳቀ። እኔ ደክሞኝ ነበር፤ ሌላ ምክንያት የለኝም። «ሒሳቡ አይበቃም ነው የሚለው» አልኋት። ቀጥዬ የምለውን ሳልል ደወል ተደወለ፣ ልጆቹ ቦርሳቸውን አንጠልጥለው ወጡ። እሷ ቆም ብላ አየችኝ፤ እኔ ሰሌዳውን ወደ ማጥፋት ዞርሁ።

በማግሥቱ ጠዋት ነገሩ ቀድሞኝ ትምህርት ቤት ደርሷል። ልጅ ቤት ገብቶ የሚያወራው እንደሚያድግ አውቃለሁ፣ ይህ ግን በአንድ ሌሊት ጢም አብቅሎ ነው ያገኘሁት። የሒሳብ መምህሯ ተአምሩን ሐሰት ነው አለች የሚል ወላጅ ደውሏል። አንዲት የቄስ ልጅ በጌታ ሥራ ላይ አፌዘች የሚልም አለ። ርእሰ መምህራችን ዲያቆን ናቸው፣ ወጣት፣ ታታሪ፣ ኮታቸው ላይ ነጠላ ጣል አድርገው የጠዋቱን ጸሎት የሚመሩ፤ ክፉ ሰው አይደሉም። ግን ስልክ በጮኸ ቁጥር ይደነግጣሉ። ምን እንዳልሁ ጠየቁኝ፣ ነገርኋቸው። «ይህ ብቻ ነው?» አሉ። ይህ ብቻ ነው አልኋቸው። እንግዲህ ይረሳል አሉ።

ሰኞ የልጅቱ አባት መጡ። መንገዱ ሲከፈት ሲዘጋ ስለ ከረመ በጀልባ ነው ሐይቁን የተሻገሩት። ርእሰ መምህሩ ቢሮ ስጠራ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ጭራቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠው አገኘኋቸው። እኔ ስገባ ተነሡልኝ። ሊቅ ሰው ለሴት ሲነሣ አይቼ ስለማላውቅ ደነገጥሁ፣ ጎንበስ ብዬ እጅ ነሣሁ። ሳይቆጡ፣ ቀስ ብለው፣ ልጃቸው በጥያቄዋ ምክንያት እንቅልፍ እንዳጣች ተናገሩ። ለአክስቷ ነግራት፣ አክስቷ በስልክ ነገረችኝ፣ እኔም ተሻግሬ መጣሁ አሉ። ርእሰ መምህሩ አላስጨረሷቸውም። እጅግ እንዳዘኑ፣ ትምህርት ቤቱ እንዲህ ያለውን ነገር እንደማይታገሥ፣ ተገቢው እርምጃ እንደሚወሰድ አከታትለው ነገሯቸው። የኔታ ግን አስጨረሷቸው። ከዚያ «እኔ የከተማውን ሥርዓት አላውቅም፤ እስከ ረቡዕ እኅቴ ዘንድ ነኝ፣ የምታደርጉትን አይቼ፣ የሚበጃት ከሆነ ትቀራለች፣ ካልሆነ ይዣት እሄዳለሁ» አሉና ተነሡ።

በሩ እንደ ተዘጋ ርእሰ መምህሩ ላባቸውን ጠረጉ። የኔታ ልጃቸውን ከቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት አስወጡ ከተባለ ስማችን እንደሚያበቃለት ነገሩኝ። መፍትሔውም ወዲያው ተገኘላቸው። ረቡዕ ጠዋት ሰልፍ ላይ ልጅቱ በተማሪው ሁሉ ፊት ይቅርታ ትጠይቅ፤ እኔ ደግሞ ስለ ተአምር ሁለት ዓረፍተ ነገር ልናገር። የራሴን እናገራለሁ፣ ልጅቱን ግን ይተዉአት አልኋቸው። «መምህርት፣ የአንድ ደቂቃ ነገር ነው» አሉኝ። «አባቷ እያዩ ይቅርታ ካለች ልባቸው ይመለሳል። ካላለች ግን በዚያው ቀን ጀልባ ላይ ናት።»

የመጨረሻው ነገር ያዘኝ። በእግሬ ወደ ቤት ስሄድ፣ የሐይቁን ዳር ይዤ፣ ሌላ ነገር ማሰብ አልቻልሁም። ማዶ ከሄደች ትምህርት ቤት የለም። ፈተናውን አትፈተንም። ካልተፈተነች ዘጠነኛ ክፍል የለም። በዚያ ዕድሜ ያለች ልጅ ያለ ትምህርት ቤት ቤት ከዋለች ደግሞ ቀጥሎ በሩን የሚያንኳኳው ሽማግሌ ነው፤ አባቷ ባይፈልጉ እንኳ ዘመዱ፣ ጎረቤቱ፣ ሁሉም ይመክራል። ከእኔ እጅ እንዲህ የወጡ ልጆች አሉ። አንዷን ገበያ ላይ ልጅ አዝላ አግኝቻት ጉንጬን ስማኝ፣ ስለ ሒሳብ አንድም ቃል ሳንነጋገር ተለያይተናል። ይህችኛዋ እንዲያ እንድትሆን አልፈለግሁም። በዚያች ማታ ምንም ዓይነት ኩራት አልነበረኝም። ይቅርታ ማለት ምን ይጎዳል፣ እኔ በሕይወቴ ያላጠፋሁትን ስንቱን ይቅርታ ብያለሁ፣ ለርእሰ መምህር፣ ለወላጅ፣ ለባል ዘመድ። ይባላል፣ ያልፋል።

ማክሰኞ በእረፍት ሰዓት አጥሩ ጥግ ካለው ዋርካ ሥር ጠራኋት። ነገሩን ሳላለባብስ ነገርኋት።

«ምን አጠፋሁ?» አለችኝ።

«ምንም።»

«ይቅርታው ታዲያ ለምንድን ነው?»

«እንድትፈተኚ ነው፣ ልጄ።»

አባቷ እሷ ላይ መቆጣታቸውን ጠየቀችኝ። እኔ እንጃ፣ ተቆጥተው ይሆናል አልኋት። ትናንት ማታ አክስቷ ቤት ምንም እንዳልተናገሯት፣ ዝም ብለው ሲጸልዩ እንዳመሹ ነገረችኝ። ዝምታቸውን እኔም እሷም በቁጣ ተረጎምነው። መቅረት እንደምትፈልግ ነገረችኝ፤ እላለሁ አለች። ይቅርታውን እዚያው አስለማመድኋት፤ ቃሉ አጭር እንዲሆን፣ ቶሎ እንዲያልቅላት። ሰው ልጅን መርፌ ሲያስወጋ ዞር በይ እንደሚላት ያለ ነገር ነበር።

ረቡዕ ጸሎቱ አለቀ፣ ሰንደቅ ዓላማው ወጣ። የኔታ ከጥበቃው ቤት አጠገብ ጥላቸውን እንደ ዘረጉ ቆመዋል። ርእሰ መምህሩ ልጅቱን ወደ ፊት ጠሯት። ድምፅ ማጉያውን ያዘች፣ አፏ ላይ ስታስጠጋው ትንሽ ጮኸባት፣ አራቀችው። መጠየቅ የማይገባኝን ስለ ጠየቅሁ ይቅርታ አድርጉልኝ አለች። ያስተማርኋትን ቃል በቃል ነው ያለችው። ትንንሾቹ ምን እንደሆነ ሳያውቁ አጨበጨቡ። ከዚያ የእኔ ተራ ሆነ፤ ተአምር ከሒሳብ በላይ ነው የሚል ነገር ተናገርሁ። ምን ብዬ እንደ ጨረስሁ አላስታውስም፣ የማየው የነበረው አባቷን ነው። ፊታቸው እንደሚፈታ፣ ራሳቸውን ነቅነቅ እንደሚያደርጉ ጠብቄ ነበር። የኔታ ጥላቸውን አጠፉ።

ሰልፉ ተበተነ። እኔ ሰባተኛ ክፍል ገብቼ ገና ስም ስጠራ የጥበቃው ሰውዬ በመስኮት ብቅ ብለው፣ የቁንዝላዋ ልጅ ቦርሳዋን ይዛ ከአባቷ ጋር ልትወጣ ነው አሉኝ። ደረጃውን እንዴት እንደ ወረድሁት አላውቅም። ጉልበቴ በኋላ ነው የከሰሰኝ።

በሩ ላይ ደረስሁባቸው። የልጅቱን ቦርሳ የኔታ ትከሻቸው ላይ አድርገውታል። ልጅቱ ፊቷ በእንባ ታጥቧል፤ ይቅርታ ብያለሁ እኮ አባባ፣ ይቅርታ ብያለሁ እኮ ትላለች። ሰላምታም አላልሁ። «የኔታ፣ ይቅርታ ጠይቃለች፤ ከዚህ በላይ ምን ታድርግ?» አልኋቸው፣ ትንፋሼ እየተቆራረጠ።

«እሱን ስላየሁ ነው የምወስዳት» አሉኝ። «መምህርት፣ ልጄ በመጠየቋ ይቅርታ የምትለምንበት ቤት ነውን ይህ?»

እኛ እርስዎ የተቆጡ መስሎን ነው አልኋቸው። በጥያቄው።

«በጥያቄዋማ ምን ያስቆጣኛል። እኔ ዘንድ ያልጠየቀ ተማሪ ተኝቷል ማለት ነው። አንዷን ቃል አንድም እንዲህ ናት፣ አንድም እንዲያ ናት እያልን ስንፈታ ነው የምንውል።» ጭራቸውን ከአንዱ እጃቸው ወደ ሌላው አዛወሩ። «ይችን ጥያቄ እኔም በሷ ዕድሜ ጠይቄያታለሁ። እስከ ዛሬም እጠይቃታለሁ። ቁጥር የሚያውቅ ሰው ምን ይል ይሆን ብየ ነው ሐይቁን ተሻግሬ የመጣሁ። ሰኞም ይህን ልነግራችሁ ስል ስለ እርምጃ ነገራችሁኝ። የከተማ ሰው እርምጃ የሚለው መልሱን ይሆናል ብየ ዝም አልሁ።»

እዚያ ቆሜ ድካም ሲወርድብኝ ተሰማኝ፤ የዚያን ቀን ድካም ብቻ አልነበረም። አንድ ትልቅ ሰው፣ ስንቱ ሊቅ ከእግራቸው ሥር ተቀምጦ የተማረ ሰው፣ እኔ የምለውን ሊሰሙ ሐይቅ ተሻግረው መጥተው፣ እኔ ልጃቸውን ይቅርታ አስለማምጄ ቆየኋቸው። ርእሰ መምህሩ ከኋላዬ ሲመጡ እግራቸው ይሰማኛል። የሚያሳምር ነገር ብናገር ደግ ነበር፤ በየዓመቱ ረድፏ ላይ የምሞላውን አንዱን። አፌ ግን እሺ አላለኝም።

«አላውቅም፣ የኔታ» አልኋቸው። «ያን እንጀራ በየዓመቱ ለልጆች አካፍላለሁ፣ በየዓመቱ አይበቃም። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ቆሜ ስሰማው ይበቃል። ሁለቱን አንድ ሰሌዳ ላይ እንዴት እንደምጽፋቸው አላውቅም። እስካሁን እንደማላውቅ ለማንም ነግሬ አላውቅም።»

ርእሰ መምህሩ ደርሰው አንድ ነገር ሊሉ ሲሉ የኔታ በጭራቸው ቆይ አሏቸው።

«ይህን ሰኞ ነግረውኝ ቢሆን ኑሮ» አሉኝ፣ «በዚያው ቀን ጀልባ እመለስ ነበር።» ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ሰምተሻል። መሄድም መቅረትም ያንችው ነው።»

ልጅቱ እንባዋን በሻርፗ ጫፍ ጠረገች። እሳቸውን አይደለም ያየችው፣ እኔን ነው። የተቆጣች ልጅ ፊት ምን እንደሚመስል አውቃለሁ፣ ይህ ቁጣ አልነበረም። እኔን ማመን ትችል እንደሆነ የምትለካኝ መሰለኝ።

«መምህር» አለችኝ፣ «ሁለተኛ ይቅርታ በይ ካላሉኝ እቀራለሁ።»

አልልሽም ማለት ቀላል ነበር፤ የምትፈልገው ግን ቃሌን አልነበረም፣ ቃሌንማ ማክሰኞ ሰምታዋለች። እጄን ዘርግቼ ቦርሳዋን ከአባቷ ትከሻ ላይ ተቀበልሁ። ከባድ ነበር፤ መጽሐፎቿን ሁሉ ይዛ ኖሯል ልትሄድ የተነሣችው። እኔ ተሸክሜው ከፊት ከፊት ሄድሁ፤ ደረጃው ግማሽ ላይ ስደርስ ከኋላዬ ኮቴዋን ሰማሁት።